ቡናማው ቀለም ሁሉ ኢንተርሉኪን አይደለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከጎንደር የደረሱንን ስድስት ጥያቄዎች በአንድ ላይ አቅርበናል። ሁሉም የሚያጠነጥኑት ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን በፓራፊን ብሎክ ውስጥ ባለ ናሙና ላይ በአንቲቦዲ ስለመፈለግ ነው፤ አንቲቦዲው ፕሮቲኑን የያዘበት ቦታ ዳብ በተባለው ቀለም ቡናማ ሆኖ ይታያል። ይህን ፕሮቲን በብዛት የሚያመርቱት ሞኖሳይትና ማክሮፌጅ ናቸው፤ ትኩሳት ያስነሳል፣ ሌሎች የመከላከያ ሴሎችንም ወደ ቁስሉ ይጠራል። በተለይ በቁንጭር (በቆዳ ሌይሽማኒያሲስ) ቁስል ላይ ጥናት ለሚሠሩ ሰዎች ጉዳዩ የዕለት ሥራቸው ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የምሠራው ከቁንጭር ሕመምተኞች በተወሰደ የቆዳ ናሙና ላይ ነው። የገዛሁት አንቲቦዲ የጥንቸል ፖሊክሎናል (የብዙ አንቲቦዲዎች ድብልቅ) ነው። መመሪያው ስላይዱን በሲትሬት በፈር ውስጥ በ98 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አሙቁ፣ አንቲቦዲውን 1 ለ200 አቅጥኑ ይላል። እንደተባለው አደረግሁ፤ ቀለም የለም ማለት ይቻላል። 1 ለ50 ሳደርገው ደግሞ ስላይዱ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆነ። አንቲቦዲው የተበላሸ ነው? (ተማሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ አንቲቦዲውን ከመጠርጠርዎ በፊት ቴርሞሜትር በበፈሩ ውስጥ ያስገቡ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ዕቃው ክፍት እስከሆነ ድረስ በፈሩ የቱንም ያህል ቢንተከተክ 98 አይደርስም። እሳቱን ቢጨምሩ ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ውሃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት ቆላ ተቀምጠው ነው የጻፉት።

አምስት ዲግሪ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ፎርማሊን ናሙናውን የሚጠብቀው ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ በማሰር ስለሆነ ነው። አንቲቦዲው የሚጨብጠው ቦታ፣ ማለትም ኤፒቶፑ፣ በዚያ እስር ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። ሙቀቱ እስሩን የሚፈታው ቀስ በቀስ ነው፤ ዲግሪው ሲቀንስ የሚፈጀው ጊዜ በብዙ ይረዝማል። በ20 ደቂቃ ውስጥ የእርስዎ ኤፒቶፕ በቅጡ አልተገለጠም።

ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው በ93 ዲግሪ 40 ደቂቃ ማቆየት ነው። በፈሩ ሲጎድል ስላይዱ አየር እንዳይነካው ሌላ ትኩስ በፈር ይጨምሩ። ሁለተኛውና እኛ የምንመርጠው ከማይዝግ ብረት የተሠራ የወጥ ቤት ፕሬዠር ነው። አንድ ሊትር ተኩል በፈር በክፍት ፕሬዠር ያፍሉ፤ ስላይዶቹን በብረት መደርደሪያቸው ያስገቡ፤ ክዳኑን ይቆልፉ። ደቂቃ መቁጠር የሚጀምሩት ክዳኑን ሲቆልፉ ሳይሆን ቫልቩ በደንብ ማፏጨት ሲጀምር ነው፤ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከእሳቱ አውርደው ፕሬዠሩን ሳይከፍቱ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ያፍስሱበት፤ እንፋሎቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ይክፈቱ። ስላይዶቹ በዚያው በፈር ውስጥ ለ20 ደቂቃ ይቀዝቅዙ። በባሕር ወለል 121 ዲግሪ የሚደርስ ዕቃ ጎንደር ላይ 117 አካባቢ ቢደርስ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው።

በፈሩ ይህ ነው፦ 2.94 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት ዳይሃይድሬት በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟል፤ ፒኤቹ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ 6.0 ላይ ይስተካከላል፤ በመጨረሻ 0.5 ሚሊ ሊትር ትዊን-20 ይጨመራል። ፒኤቹን ሳይሞቅ ይለኩት። በዚያው ቀን ከአንድ ብሎክ የተቆረጡ ሁለት ስላይዶችን ፒኤቹ 9.0 በሆነ ትሪስ-ኢዲቲኤ (በሊትር 1.21 ግራም ትሪስ፣ 0.37 ግራም ኢዲቲኤ፣ 0.5 ሚሊ ሊትር ትዊን) ይሞክሩ። በሲትሬት ምንም የማያሳይ አንቲቦዲ በዚህኛው ቁልጭ ብሎ ሲታይ ማየት የተለመደ ነው። ፕሬዠር ውስጥ ቅጂው (በስሱ የተቆረጠው ሕብረ ሕዋስ) ከመስታወቱ ከተላቀቀ ችግሩ ስላይዱ ነው፤ ተራ መስታወት አይሆንም። ኤሌክትሪክ ሙል ያለው ወይም ፖሊላይሲን የተቀባ ስላይድ ይጠቀሙ፤ 4 ማይክሮን አድርገው ይቁረጡ፤ ሳያሞቁት በፊት በ60 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያድርቁት።

ስለ ፎርማሊኑም ይጠይቁ። አራት ሚሊ ሜትር ለሆነ የቆዳ ናሙና 24 ሰዓት ይበቃል። ከወረዳ ጤና ጣቢያ ተልኮ መኪና ሲጠብቅ ሁለት ሳምንት ፎርማሊን ውስጥ የከረመ ናሙና እስሩ ስለሚጠብቅ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሚዛን አይለካም። ስለዚህ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ የገባበትና የወጣበት ሰዓት ይመዝገብ። በቧንቧ ውሃ ብቻ የቀጠነ ፎርማሊን እየቆየ አሲድ ይሆናል፤ ደም ባለበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ቡናማ ብናኝ ይተዋል። ትክክለኛው ቅመም 37 ከመቶ ፎርማልዴሃይድ 100 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ 900 ሚሊ ሊትር፣ ሞኖሶዲየም ፎስፌት ሞኖሃይድሬት 4 ግራም፣ ውሃ የሌለው ዳይሶዲየም ፎስፌት 6.5 ግራም ነው።

አሁን ወደ ቡናማው ስላይድ እንመለስ። 1 ለ50 ማለት አንቲቦዲውን በአራት እጥፍ ማብዛት ነው። ኤፒቶፑ ተሸፍኖ ሳለ አንቲቦዲ ሲበዛ የሚፈልጉትን አያገኝም፤ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይለጠፋል። ሙቀቱን ካስተካከሉ በኋላ ከአንድ ብሎክ አምስት ስላይድ ይቁረጡና 1 ለ100፣ 200፣ 400፣ 800 እና 1600 ያድርጉ። ሲመርጡ በጣም የጠቆረውን አይምረጡ። ቀለም የያዘው ሴልና ጎኑ ያለው ባዶ ሕብረ ሕዋስ በጣም የሚለያዩበትን ይምረጡ። ሂሳቡም ቀላል ነው፦ የጠርሙሱ መጠን በሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ከሆነ 1 ለ200 ማለት በሚሊ ሊትር 5 ማይክሮግራም ነው፤ ለ20 ስላይድ በስላይድ 150 ማይክሮሊትር 3 ሚሊ ሊትር ያስፈልግዎታል፤ ለዚያም 15 ማይክሮሊትር አንቲቦዲ ይበቃል።

አንቲቦዲው ከማረፉ በፊት ሁለት ነገር መዘጋት አለበት። የደም ሴሎችና ማክሮፌጆች የራሳቸው ፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይም አላቸው፤ በ3 ከመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ለ10 ደቂቃ ያጥፉት። 30 ከመቶ ከሆነው አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ፣ በዕለቱ የተቀመመ ይሁን። ቀጥሎ ሁለተኛው አንቲቦዲ (ዋናውን የሚይዘውና ቀለም አውጪውን ኢንዛይም የተሸከመው) የፍየል ከሆነ 5 ከመቶ የፍየል ሴረም ለ30 ደቂቃ ያድርጉበት፤ ከዚያ ሳያጥቡ ያንጠፍጥፉት። ዋናው አንቲቦዲ በ4 ዲግሪ ይደርበት። በበጋ ወራት የጎንደር አየር ደረቅ ስለሆነ ስላይዱ የሚያድርበት ሳጥን ውስጥ እርጥብ ሶፍት ያድርጉ፤ ክዳኑም ይግጠም። መሐሉ ንጹሕ ሆኖ ጠርዙ ብቻ የጠቆረ ስላይድ የደረቀ ስላይድ ነው፤ ከቆጠራ ያውጡት። በማግስቱ ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ይጠቡ፤ ሁለተኛውን አንቲቦዲ (ፖሊመሩን) ለ30 ደቂቃ ያሳርፉ። ዳቡን ጓንት አድርገው በማይክሮስኮፕ ሥር እያዩ ይቁጠሩት፤ በመጀመሪያው ስላይድ ሦስት ደቂቃ ከፈጀ ለሁሉም ሦስት ደቂቃ ይሁን።

ጥያቄ፦ በእኔ ስላይድ ላይ የኤፒደርሚሱ የታችኛው ረድፍ ሁልጊዜ ቡናማ ነው፤ ጤናማ ቆዳ ላይም እንዲሁ። ይህ ኢንተርሉኪን ነው ብዬ ልጻፍ? (የፓቶሎጂ ላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እህታችን፣ አይጻፉ። ያ ሜላኒን ነው፤ የቆዳችን ቀለም። ከውጭ የሚመጡ ሥዕላዊ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ በነጣ ቆዳ ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ይህን ችግር አያነሱትም፤ ለእኛ ግን ዋናው ጉዳይ ነው።

አንድ ቅጂ ያለ አንቲቦዲና ያለ ዳብ፣ ፓራፊኑን ብቻ አስለቅቀው በ40 ኦብጀክቲቭ ይዩት። የታችኛው ረድፍ ሴሎች ኒውክሊየሳቸው ላይ፣ በላይኛው በኩል፣ እንደ ቆብ የተደፋ ደቃቅ ቡናማ ብናኝ ያያሉ። የዳብ ቀለም እንዲህ ቆብ አይሠራም፤ በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ይሰራጫል። ኤፒደርሚሱ ራሱ ያን ያህል አያሳስብም፤ ከቆጠራ ሊያወጡት ይችላሉ። የሚያሳስበው ከሥሩ ያለው ደርሚስ ነው። ቁስል ያለበት ቆዳ ሜላኒኑን ወደ ታች ያፈስሳል፤ ማክሮፌጆች ይውጡታል። እነዚያ ማክሮፌጆች ደግሞ ኢንተርሉኪን-1 ቤታን የሚፈልጉባቸው እነዚያው ሴሎች ናቸው። በሜላኒን የተሞላ ማክሮፌጅ በዳብ ስላይድ ላይ ፍጹም ፖዚቲቭ ይመስላል። ይህን ሳያጣሩ የቀረበ ቁጥር የቆዳ ቀለም ቆጠራ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከእጅዎ አይርቅም። በሄማቶክሲሊን ፋንታ በጊምሳ ያቅልሙት፤ ለወባና ለሌይሽማኒያ የምትጠቀሙበት ያው ጊምሳ ነው። ሜላኒኑ ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ይለወጣል፣ ዳቡ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ወይም ዳቡን ኤኢሲ በተባለው ቀይ ቀለም ይተኩት፤ ነገር ግን ኤኢሲ በአልኮልና በዛይሊን ስለሚሟሟ ስላይዱን በግሊሰሪን ጄላቲን ይዝጉት። በዲፒኤክስ (በተለመደው የስላይድ መዝጊያ ሙጫ) ከዘጉት ቀዩ ቀለም ዓይንዎ እያየ ይጠፋል። ሜላኒኑን በፐርማንጋኔት ማንጣት የሚሉም አሉ፤ ኤፒቶፑን ሊጎዳ ስለሚችል እኛ አንመክረውም። የቆየ ደም የሚተወው የብረት ዝቃጭም ቡናማ ነው፤ እሱን በፐርልስ ቀለም ሰማያዊ አድርጎ መለየት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ካታሎግ ላይ ለአንድ ፕሮቲን በደርዘን የሚቆጠር አንቲቦዲ አለ። በምን እንምረጥ? (የምርምር ረዳት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ መጀመሪያ ፕሮቲኑን ይወቁ። ኢንተርሉኪን-1 ቤታ ሲሠራ 269 አሚኖ አሲድ ያለው፣ 31 ኪሎዳልተን የሚመዝን ያልበሰለ ፕሮቲን ነው። ካስፔዝ-1 የተባለው ኢንዛይም 116ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ይቆርጠዋል፤ ከሴል ወጥቶ መልእክቱን የሚያደርሰው የቀረው 153 አሚኖ አሲድ፣ 17 ኪሎዳልተን የሆነው ክፍል ነው። እንግዲህ መረጃ ወረቀቱ ላይ አንቲቦዲው በየትኛው ክፍል ላይ እንደተሠራ ይፈልጉ። ከ1 እስከ 116 ባለው ላይ ከተሠራ የበሰለውን ጨርሶ አያይም። በ17 ኪሎዳልተኑ ክፍል ላይ ከተሠራ በአብዛኛው ሁለቱንም ያያል። ስለዚህ ቡናማ ማክሮፌጅ አይተው «ኢንፍላማሶም (ካስፔዝ-1ን የሚያነቃው የሴል መዋቅር) ነቅቷል» ማለት አይችሉም፤ ማለት የሚችሉት ፕሮቲኑ ተሠርቷል ብቻ ነው። መቆረጡን ማሳየት ከፈለጉ ከዚያው ቁስል በበረዶ የተቀመጠ ቁራጭ ወስደው ፕሮቲንን በክብደት በሚለየው ዌስተርን ብሎት 31ን እና 17ን ለይተው ያሳዩ።

ቀጥሎ «ለፓራፊን ቅጂ ተፈትኗል» የሚል ይኑርበት። በዌስተርን የሚሠራ አንቲቦዲ የተዘረጋ ፕሮቲን ይለምዳል፤ በኤላይዛ የሚሠራው የታጠፈውን፤ በፎርማሊን የታሰረው ሦስተኛ ነገር ነው። ከቻሉ ሪኮምቢናንት ሞኖክሎናል (በጂን ቴክኖሎጂ የተሠራ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ) ይግዙ። ፖሊክሎናል ከሆነ ለጥናቱ በሙሉ የሚበቃዎትን ከአንድ የምርት ቁጥር በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ ሁለተኛው ጠርሙስ ከሌላ ጥንቸል ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ አማካሪዬ «ኮንትሮልሽ የታለ?» ይሉኛል። ያለ አንቲቦዲ የተሠራ ስላይድ አለኝ፤ አይበቃም እንዴ? (ተማሪ፣ ከቀበሌ 18)

መልስ፦ አይበቃም፤ አማካሪሽ ልክ ናቸው። ያ ስላይድ የሚነግርሽ ሁለተኛው አንቲቦዲ ብቻውን ቀለም እንደማይሰጥ ነው፤ ስለ ዋናው አንቲቦዲ ምንም አይልም። በእሱ ቦታ ከበሽታ ነጻ የሆነ ጥንቸል አይጂጂ (ተራ አንቲቦዲ) አድርጊ። መጠኑን በማይክሮግራም አስተካክይ እንጂ በማቅጠኛው ቁጥር አይደለም፤ ሁለቱ ጠርሙሶች እኩል ክምችት ላይኖራቸው ይችላል።

ለፖዚቲቭ ኮንትሮል፣ ማለትም ፕሮቲኑ እንዳለበት ለሚታወቅ ማነጻጸሪያ፣ በቀላሉ የሚገኘው በአጣዳፊ ብግነት የተወገደ ትርፍ አንጀት ብሎክ ነው፤ ፈቃዱን አስጨርሺና ከእያንዳንዱ ዙር ጋር አንድ ቅጂ አስገቢ። ከዚያ የሚሻለው የሴል ብሎክ ነው። የሴል ባህል ያለበት ላብራቶሪ ካገኘሽ ቲኤችፒ-1 የተባሉትን የሞኖሳይት ሴሎች ፒኤምኤ በተባለው ኬሚካል ወደ ማክሮፌጅ አድርሺና ግማሾቹን በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮግራም ሊፖፖሊሳካራይድ (ከባክቴሪያ ሽፋን የሚገኝ አነቃቂ) ለ4 እስከ 6 ሰዓት አነቃቂ፤ ግማሾቹን ተዪያቸው። ሁለቱንም ለየብቻ በሴንትሪፉጅ አዝቅጠሽ፣ በፎርማሊን አቆይተሽ፣ በ2 ከመቶ አጋሮስ አርግተሽ ወደ ፓራፊን አስገቢ። አንዱ ጠቁሮ አንዱ ባዶ ከሆነ አንቲቦዲሽ ሥራውን ያውቃል፤ አንድ ብሎክ ለዓመታት ይቆረጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ለሌሎች ሳይቶካይኖች እንደሚደረገው ፕሮቲኑ ከሴል እንዳይወጣ ብለሽ ብሬፌልዲን ብትጨምሪ ለኢንተርሉኪን-1 ቤታ አይረዳም። ይህ ፕሮቲን የመውጫ ምልክት ቅደም ተከተል ስለሌለው በጎልጂ (በሴሉ የተለመደ የፕሮቲን መላኪያ መንገድ) በኩል አይወጣም። ኤቲፒ ወይም ናይጀሪሲንም አትጨምሪ፤ ሴሉ ፈንድቶ የምትፈልጊው ነገር በፈሳሹ ይሄዳል።

አንቲቦዲውን ከሪኮምቢናንት ኢንተርሉኪን ጋር ቀላቅሎ ቀለሙ እንደሚጠፋ ማሳየትም ጥሩ ነው፤ ፕሮቲኑ በክብደት አሥር እጥፍ ይሁን፣ በ4 ዲግሪ ይደር። ግን ልኩን እወቂ፦ አንቲቦዲው ያንን ፕሮቲን እንደሚይዝ ያሳያል እንጂ በቆዳው ላይ የያዘው ያው መሆኑን አያረጋግጥም። ኒውክሊየስ ውስጥ ጠንካራ ቀለም ካየሽ ጠርጥሪ፤ ወንድሙ ኢንተርሉኪን-1 አልፋ ኒውክሊየስ የሚገባ ነው፤ አንቲቦዲሽ ሁለቱን እንደማያምታታ መረጃ ወረቀቱ ላይ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ አንቲቦዲው ከአዲስ አበባ ሲደርሰን በረዶው ቀልጦ ነበር። መብራትም ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። እንጣለው? (የላብራቶሪ ኃላፊ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ አይጣሉት። አይጂጂ ጠንካራ ፕሮቲን ነው፤ ጥቂት ቀን በክፍል ሙቀት መቆየቱ አብዛኛውን ጊዜ አይገድለውም፣ ደርቆ የመጣ ዱቄት ከሆነማ ጨርሶ አያሳስብም። ከኮንትሮል ብሎኩ ጋር ፈትነው ይወስኑ። የሚጎዳው መቀዝቀዝና መቅለጥ እየተፈራረቀ ሲደጋገም ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የሲቀነስ 20 ፍሪዘር የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። 50 ከመቶ ግሊሰሪን ያለው ከሆነ በሲቀነስ 20 ስለማይረጋ እዚያው ይቀመጥ። ግሊሰሪን ከሌለውና 0.02 ከመቶ ሶዲየም አዛይድ ካለው፣ በእኛ ግምት፣ በሥራ ላይ ያለውን ጠርሙስ በ4 ዲግሪ ማቆየት ይሻላል፤ ተጨማሪውን 20 ማይክሮሊትር 20 ማይክሮሊትር ከፋፍለው ያቀዝቅዙት። ከመክፈትዎ በፊት በሴንትሪፉጅ ጥቂት ሰከንድ ያዙሩት፤ ክዳኑ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ጠብታ የብዙ ስላይድ ዋጋ ነው። የቀጠነውን ግን ለሚቀጥለው ወር አያስቀምጡ። ፐርኦክሲዴዝ የተያያዘበትን ሁለተኛ አንቲቦዲ ፈጽሞ ፍሪዘር ውስጥ አያስገቡት፣ አዛይድም አያስነኩት፤ አዛይድ ኢንዛይሙን ይገድለዋል።

ጥያቄ፦ ውጤቱን ለታካሚው ካርድ ላይ መጻፍ ይቻላል? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ አይቻልም። ጠርሙሱ ላይ «ለምርምር ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። ኢንተርሉኪን-1 ቤታ በማንኛውም ብግነት ስለሚገኝ ቁንጭርን ከሌላ ቁስል አይለይም። ለምርመራው ከቁስሉ ጠርዝ ተፍቆ በጊምሳ የተቀለመ ስላይድ ላይ ጥገኛውን መፈለግ፣ ካልተገኘም ካልቸር ወይም ፒሲአር ማድረግ ነው።